ድንጋይ የሚያነሳው መረብ፦ ስድስት ቀን በኮቺ ወደብ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሬቱ ከመታየቱ በፊት ሸተተን። እርጥብ አፈር፣ የእንጨት ጭስ፣ ዓሣ። ሦስት ቀን ሙሉ ጨው ብቻ ሲያሸት ለከረመ አፍንጫ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ቆይቶ በስተምሥራቅ በኩል ቀጭን አረንጓዴ መስመር ወጣ። የኮኮናት ዛፍ ነው። የሕንዷ ኬረላ ግዛት ደረስን።

ከስሪላንካዋ ጋሌ ወደብ ስንነሣ ንፋሱ ደኅና ነበር። በስሪላንካና በሕንድ መካከል ያለው የማናር ባሕረ ሰላጤ ላይ ግን ከሰሜን ምሥራቅ ወረደብን። ሸራውን በግማሽ አሳጥረን፣ ጥርሳችንን ነክሰን አለፍን። የሕንድን ደቡባዊ ጫፍ ካንያኩማሪን እንደዞርን ደግሞ ጭጭ አለ። ሞተር አስነሣን። ከትናንት ወዲያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፈረቃው የኔ ሆኖ ሳለ፣ ሞተሩ አቃስቶ ቀጥ አለ። የመረብ ገመድ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል። በዚህ ባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጁ ብዙ ነው፤ መረቡ በጨለማ አይታይም። ባለቤቴ እስኪነጋ ጠብቆ ቢላ ይዞ ጠለቀ። አራት ጊዜ ወርዶ ባዶ እጁን ወጣ። በአምስተኛው አንድ እቅፍ አረንጓዴ ናይለን ይዞ ብቅ አለ። እኔ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆሜ ስሙን እየጠራሁ ነበር።

ስለኛ ትንሽ ልንገራችሁ። እሱ ወጣትነቱን በኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ላይ በመካኒክነት አሳልፏል። እኔ ነርስ ነበርኩ። ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው የምንኖረው። ጡረታ ስንወጣ አንዲት አሥራ አንድ ሜትር ርዝመት ያላት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዛን። ስሟን ጣና አልናት።

ከጋሌ ቀጥታ ወደ ማልዲቭስ መሄድ እንችል ነበር። ኮቺ እንግባ ያልኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱ ደሴ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማረን ሕንዳዊ ነበር። በኔ ዕድሜ ያለ ኢትዮጵያዊ ይሄን ሲያነብ የራሱን መምህር እንደሚያስታውስ አውቃለሁ። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን እነሱ ናቸው፤ ብዙዎቹም የኬረላ ሰዎች ነበሩ። የኛው መምህር የኮቺ ልጅ ነው። "ሰር" ነበር የምንለው። በደሴ ብርድ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ በላዩ ኮት ለብሶ ያስተምር ነበር። ስለ ሊቨር፣ ከባድ ነገር በትንሽ ጉልበት ስለሚያነሣው ዘንግ፣ ሲያስተምር የሣለልን ዶማም ሚዛንም አልነበረም። በትላልቅ ግንዶች ላይ የተንጠለጠለ ግዙፍ መረብ ሣለ። ከኋላው በገመድ የታሰሩ ድንጋዮች ነበሩት። "ይሄ የአገሬ ሊቨር ነው" አለን። ከዚያ ጠየቀ፦ ድንጋዮቹ የታሰሩባቸው ገመዶች ርዝመት ለምን ተለያየ? ማንም አልመለሰም። ደወል ተደወለ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሌላ ምዕራፍ ጀመርን።

ጥያቄው ከኔ ጋር ቀረ።

ኮቺ የገባነው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የወደቡ አፍ ጠባብ ነው፤ ከገቡ በኋላ ግን ውሃው እንደ ሐይቅ ይሰፋል። ይህን ወደብ የከፈተው ጎርፍ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1341 የፔሪያር ወንዝ ሞልቶ የጥንቱን የሙዚሪስ ወደብ በደለል ደፈነው፤ እዚህ ደግሞ አዲስ በር ከፈተ። ነጋዴው ሁሉ ጓዙን ይዞ ወደ ኮቺ ዞረ። መካከል ላይ ያለችው ዊሊንግደን ደሴት ደግሞ ሰው የሠራት ናት። በእንግሊዞች ጊዜ ወደቡን ለማጥለቅ ከተቆፈረው አሸዋ ነው የተሠራችው።

መልሕቅ ጥለን ባለሥልጣኖቹን ጠበቅን። ጉምሩክ፣ ኢሚግሬሽን፣ ጤና። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስንፈርም ዋልን። አንዱ ወጣት ፓስፖርቴን ገልጦ የትውልድ ቦታዬን ጮክ ብሎ አነበበ፤ "ደሴ" አለ። ቀና ብሎ አየኝ። አክስቱ ጎንደር አስተማሪ እንደነበረች ነገረኝ። ቤታቸው ውስጥ እስከ ዛሬ የቡና ጀበና አለ አለኝ። እኔ ምንም መናገር አቃተኝ። ባለቤቴ ነው "እግዜር ይስጥልን በልልኝ" ብሎ የመለሰለት።

ማታ ቦልጋቲ ደሴት ያለው ማሪና ገብተን አሰርን። ጎናችን ደቾች እ.ኤ.አ. በ1744 የሠሩት ቤተ መንግሥት አለ፤ አሁን ሆቴል ነው። ሻወር ወስደን እንደ ድንጋይ ተኛን።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 26

ወበቁ ከማለዳው ጀምሮ ሰውነት ላይ ይለጠፋል። ባጃጅ ይዘን ድልድዩን ተሻገርን። እዚህ "ኦቶ" ነው የሚሏት፤ እኔ ግን ባጃጅን በአገሯ እያየሁ ሌላ ስም ልጠራት አልቻልኩም። ከዚያ በውሃ ሜትሮ ወደ ቫይፒን ደሴት ሄድን። ይሄን ነገር ማየት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሥራ የጀመሩ፣ በባትሪ የሚሄዱ ጀልባዎች ናቸው። አንዱ 100 ሰው ይይዛል። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። ባለቤቴ ዕድሜውን በሞተር ጩኸት ውስጥ ያሳለፈ ሰው ስለሆነ ጆሮውን ወለሉ ላይ ሊደግፍ ምንም አልቀረውም። የተሠሩት እዚሁ ኮቺ ባለው የመርከብ ግንባታ ድርጅት መሆኑን ሲሰማ ደግሞ የባሰ ደነቀው። ሕንድ በራሷ እጅ የሠራችው የመጀመሪያው የጦር አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ፣ ቪክራንት፣ የወጣውም ከዚያው ግቢ ነው።

ከቫይፒን ሰውም መኪናም የሚጭነው ጀልባ በጥቂት ደቂቃ ወደ ፎርት ኮቺ ያሻግራል። ገና ሳንወርድ አየኋቸው። በወደቡ አፍ ዳር ተደርድረዋል። ሰሌዳው ላይ የነበሩት መረቦች።

ትልቅነታቸውን አልጠበቅሁም። ከአሥር ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ይወጣሉ። ቻይናዎች አመጧቸው ተብሎ "ቺናቫላ" ይባላሉ፤ የቻይና መረብ ማለት ነው። አንዱን መረብ እስከ ስድስት ሰው ይዞታል። ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ የጠመጠመ አንድ ሽማግሌ በእጁ ና ብሎ ጠራን። ጫማችንን አውልቀን የእንጨቱ መድረክ ላይ ወጣን። እንጨቱ በጨውና በዓሣ ቅርፊት ሙልጭ ያለ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በዋናው ግንድ ላይ ወደ ባሕሩ ይራመዳል። ይሄው ነው፤ የአንድ ሰው ክብደት ሚዛኑን ይደፋዋል። መረቡ ቀስ ብሎ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃሉ። ከዚያ ሁሉም ገመዱን ይዞ "ሆ" እያለ ይጎትታል። ሽማግሌው ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሸካራ ነው፣ እርጥብ ነው፣ እንደ ክንዴ ወፍራም ነው። ጎተትኩ።

ድንጋዮቹ ከራሳችን በላይ ነበሩ። እያንዳንዱ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል፣ አንዳንዱ ይበልጣል። በተለያየ ርዝመት ገመድ ላይ ተሰካክተዋል። መረቡ ከውሃው ሲነሣ ድንጋዮቹ ወደኛ መውረድ ጀመሩ። ከሁሉም ረጅም ገመድ ያለው ድንጋይ መጀመሪያ መድረኩን ነካ። "ጧ" አለና ተቀመጠ። ገመዱ እጄ ውስጥ ትንሽ ከበደ። ሁለተኛው ተቀመጠ። ሦስተኛው። ያን ጊዜ ገባኝ። መድረኩ ላይ ያረፈ ድንጋይ አይስብም። መረቡ ውሃ ውስጥ ሳለ ሁሉም ድንጋይ ያግዛል። እየተነሣ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ እርዳታ አያስፈልግም። ስለዚህ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ሥራቸውን ጨርሰው ይቀመጣሉ። ሚዛኑ ከላይ እስከ ታች እንደተጠበቀ ይዘልቃል። ገመዶቹ የተለያዩት ለዚህ ነው።

"ሰር፣ አወቅሁት" አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሽማግሌው እሱን የጠራሁት መስሎት ፈገግ አለ።

መረቡ ውስጥ የነበረው አሥር የማይሞሉ ትንንሽ ዓሦችና አንድ ሸርጣን ነው። ለዚህ ሁሉ ጉልበት ያንሳል። ሽማግሌው ዓሣው እየቀነሰ መሄዱን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገረን። ግንዱም ተወዷል፤ ገመዱም ተወዷል።

መምህሬን ልፈልገው አልመጣሁም። ያኔም ጸጉሩ ሸብቶ ነበር። ግን ልጅ ሆኖ ከእነዚህ መረቦች ሥር ቆሞ ድንጋይ ሲቆጥር ታየኝ። ደሴ ላይ፣ ሁለት ሹራብ ለብሶ፣ ይሄን ወበቅ ምን ያህል ናፍቆት ይሆን?

ምሳ በሙዝ ቅጠል ላይ በላን። ጾም ስለሆነ ተጨንቄ ነበር። አስተናጋጁን "ጾም" የሚለውን ለማስረዳት ስታገል አጠገባችን ያሉ እናት "ኖምቡ?" አሉ። ኖምቡ ጾም ነው። የኬረላ ክርስቲያኖች ሃምሳ ቀን የፋሲካ ጾም አላቸው፣ የገና ጾም አላቸው፣ እንደኛው ሦስት ቀን የነነዌ ጾምም አላቸው። ሴትዮዋ ተነሥተው እርጎና ቅቤ የገባበትን ከፊቴ አስነሡልኝ። የቀረው ይበቃል፦ ወፍራም ቀላ ያለ ሩዝ፣ ጎመን በኮኮናት፣ የማንጎ አቻር። በእጅ ነው የሚበላው። ቤታችን ያለን መሰለን። ሻዩም ቻያ ይባላል። ወተት የሌለው "ካታን ቻያ" ነው፤ ይሄን ቃል ቶሎ ያዝኩት።

ከሰዓት ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ገባን። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1503 የጀመሩት ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ኮቺ ላይ ሞቶ እዚህ ተቀበረ። በ1539 አጽሙ ወደ ፖርቱጋል ተወሰደ፤ መቃብሩ ግን በአጥር ተከልሎ አለ። ከመቃብሩ አጠገብ ስቆም ያሰብኩት አባትየውን አይደለም፤ ልጁን ነው። ክሪስቶፎር ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1541 አራት መቶ ጠመንጃ ያዥ ይዞ በምጽዋ በኩል ገባ። በግራኝ ጦርነት ጊዜ ነው። በ1542 ተማርኮ ተገደለ። የአባት መቃብር እዚህ ነበር፤ የልጅ አፈር እኛ ጋ ቀረ። ባሕሩ አንድ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27

ነገ ገና ነው። ጀልባ ላይ ዶሮ ወጥ ልሠራ ወስኛለሁ።

ኤርናኩላም ገበያ ወጣን። ቀይ ሽንኩርቱ ትንንሽ ነው፤ አውራ ጣት ያህላል። ሁለት ኪሎ ልጦ ለመጨረስ ባልና ሚስት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀን። ዶሮ ሻጩ ገፍፎ በመጥረቢያ ሊቆራርጥልኝ ሲል እጁን ያዝኩት። "ሙሉውን ስጠኝ" አልኩ። አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት የኔ ሥራ ነው። ሰውየው ገረመውና ቢላውን ሰጠኝ። ሱቁ መካከል ቆሜ አወጣሁት። ጎረቤት ሻጮች መጥተው ከበው ያዩኝ ጀመር። ፈረሰኛው ላይ ስደርስ አንዱ ቆጠረ፣ ሌላውም ቆጠረ። ሲጨርሱ አጨበጨቡ።

በርበሬውና ኮረሪማው ከቤት የመጣ ነው። ቅቤ "ነይ" ይሉታል፤ ገዝቼ በኮረሪማ አነጠርኩት። ምድጃችን ሁለት ዓይን ብቻ ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ጀልባዋ ውስጥ መቆም አይቻልም፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። ባለቤቴ በእርጥብ ፎጣ አንገቴን እየጠረገ "አንቺ፣ ትተይው?" ይለኛል። አልተውም። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ወጡ ደረሰ። ሽታው ማሪናው ላይ ተንሳፈፈ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 28፤ ገና

ነጠላዬን ለብሼ ኤርናኩላም ውስጥ ወዳለ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የነሱ ገና ታኅሣሥ 15 ቀን አልፏል። ግን እሑድ ነው፤ ቅዳሴ አለ። ቅዳሴውን "ቁርባና" ይሉታል። በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ወንድ በአንድ በኩል፣ ሴት በአንድ በኩል። መጋረጃ አለ። እጣን አለ። ዳር ዳሩን ትንንሽ ቃጭል የተንጠለጠለበት ክብ ብረት ያንቀሳቅሳሉ፤ ዓይኔን ስጨፍን ጸናጽል ነው።

የኬረላን ቋንቋ ማላያላምን አልሰማም። አንድ ቦታ ላይ ግን ሕዝቡ ሁሉ "ኩሪየላይሶን፣ ኩሪየላይሶን፣ ኩሪየላይሶን" አለ። ጉልበቴ ራደ። በደሴ ሌሊት፣ ከእናቴ ነጠላ ሥር ሆኜ የሰማሁት ኪርያላይሶን ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶች ከበቡኝ። የጥበቡን ጥለት እየዳሰሱ "ከየት ነሽ?" አሉኝ። ዛሬ የኛ ገና ነው ስላቸው አንዷ እናት እጄን ይዘው "የኛ ደግሞ ትናንት ደንሃ ነበር" አሉ። ደንሃ ጥምቀት ነው። ውሃ ባርከው ይጠጣሉ። ቄሱ መጡ። ቄስ "አቻን" ነው፤ አባት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በጃንሆይ ጋባዥነት አዲስ አበባ ላይ የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች የተሰበሰቡበትን ጉባኤ አነሡልኝ። ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስንም አነሡ። እዚሁ ከኮቺ አጠገብ ትሪፑኒቱራ የተወለዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በአስተማሪነት ኢትዮጵያ የሄዱ፣ ኋላም በጃንሆይ ዘንድ በአማካሪነት የሠሩ ጳጳስ ናቸው። ስማቸውን ሳውቀው ቄሱ ደስ አላቸው።

ከሰዓት በኋላ እኒያ እናት ከልጃቸው ጋር ማሪናው ድረስ መጡ። በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል። አፓም ነው፤ ከተቦካ ሩዝና ከኮኮናት ወተት የተጋገረ፣ ዓይን ያለው፣ መሐሉ ለስላሳ። እንጀራ አልነበረንም። ዶሮውን በአፓም በላን። እኒያ እናት አጠገቤ ተቀምጠው ወጡን በጣታቸው ቀመሱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ደገሙ። እንቁላሉን ለሳቸው አጎረስኳቸው። እሳቸውም መልሰው አጎረሱኝ፤ ማንም አላስተማራቸውም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

ማታንቸሪ። የድሮው የቅመማ ቅመም ሰፈር። መጋዘኖቹ ዛሬ ብዙዎቹ የቱሪስት ሱቅ ሆነዋል፤ ግን ጓሮ ጓሮውን ከሄዱ ሴቶች ዝንጅብል መሬት ላይ ዘርግተው ሲያበጥሩ ይታያል። ሄል "ኤላም" ነው። ቁንዶ በርበሬው ከእጅ ሽታው አይለቅም። ለሦስት ወር የሚበቃኝን ገዛሁ።

እ.ኤ.አ. በ1568 የተሠራው የፓራዴሲ ምኩራብ ወለል ነጭና ሰማያዊ ነው። ከቻይና የመጣ በእጅ የተሣለ ሸክላ ነው፤ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም ይባላል። በባዶ እግር ነው የሚረገጠው። እስራኤል ከተመሠረተች በኋላ አብዛኛው የኮቺ አይሁድ ወደዚያ ሄዷል። የሰፈሩ ስም እስከ ዛሬ የአይሁድ ከተማ ነው፤ የቀሩት ግን በጣት ይቆጠራሉ። ጎንደር ጫፍ ያለችውን ወለቃን አስታወሰኝ። እዚያም ሰዎቹ ሄደው ስሙ ቀርቷል። የሁለቱም ልጆች ዛሬ እስራኤል ውስጥ ጎረቤት ይሆኑ ይሆናል።

የማታንቸሪን ቤተ መንግሥት በሩጫ አየነው። የግድግዳ ሥዕሎቹ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ ውሃና ናፍጣ መሙላት ነበረብን።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 30

የመውጫ ወረቀቱ በጠዋት አለቀ። ለወጣቱ ባለሥልጣን ለአክስቱ የሚሆን ቡና ሰጠሁት፤ በእሽግ የያዝኩት የይርጋ ጨፌ ቡና ነበር። ጀበናው ሥራ ያገኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሕቅ አነሣን። የመርከቡን መንገድ ይዘን ወደ ወደቡ አፍ ስንጠጋ መረቦቹ በስተግራ ተከፈቱ። ሽማግሌውን በፎጣው ለየሁት። አንዱ ወጣት ግንዱ ላይ ወደ ባሕሩ ሲራመድ ነበር። መረቡ ሰመጠ።

"ሸራውን እንዘርጋ?" አለኝ ባለቤቴ።

"ቆይ፣ ያንሱት" አልኩት።

ሞተሩን አቀዘቀዘልኝ። ጣና እዚያው ዋለለች። ሰዎቹ ገመዱን ያዙ። መረቡ ውሃውን እያፈሰሰ ወጣ፣ ድንጋዮቹም ወረዱ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"አሁን ዘርጋ" አልኩት።